በጋወኑ ኪስ ውስጥ የቀረው ቅጠል

ቤት ውስጥ የወጣላት ስም «ውልብልቢት» ነው። ቆማ ትበላለች፣ እየሄደች ትለብሳለች፣ ተቀመጪ ሲሏት ወንበሩ የሚፋጃት ይመስላል።

ሥራዋ የመድኃኒት ዕፅዋት በሚመረመሩበት ቤተ ሙከራ ነው። ቅጠል በጥላ ታደርቃለች፣ ትፈጫለች፣ በአልኮል ዘፍዝፋ ታጠልላለች። ከዚያ ውስጡ ምን እንዳለ ትመረምራለች። ከውሃ ጋር ስትንጠው አረፋው አልጠፋ ካለ ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና የሚያረፋ ንጥረ ነገር አለው፤ የብረት ጨው ጠብ ስታደርግበት ከጠቆረ ደግሞ ቆዳ የሚለፋበት ታኒን።

ሰሞኑን የያዘችው ቅጠል ግን ጭራሽ ዕረፍት ነሳት። ስኳር የያዛቸው አይጦች ተጣርቶ የወጣውን ሲጠጡ የደማቸው ስኳር ወረደ። አፏ አላስችል ብሏት ለአባቷ ነገረችው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስኳር መርፌ መወጋት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

«ለእኔስ መቼ ነው የምታመጪልኝ?»

«አባዬ፣ ገና አይጥ ላይ ነን። መጠኑንም፣ ጉበት ይጎዳ እንደሆነም አናውቅም።»

«ከአይጥ አንሼ ተገኘሁ በይኛ!»

ሳቀችና አንዱ ኪሱ የተተረተረ ነጭ የሥራ ጋወኗን እንዲሰፋላት ሰጥታው ሄደች።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ወንፊቱን ስታራግፍ ክው አለች። ከትናንቱ የቅጠል ዱቄት የተረፈውን በላስቲክ ቋጥራ የከተተችው ለአባቷ በሰጠችው ጋወን፣ በደህናው ኪስ ውስጥ ነበር። ለአባቷ ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። ወደ ቤት በያዘችው ታክሲ ውስጥ እንኳ ደህና አልተቀመጠችም።

ስትደርስ አባቷ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሯል። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሎታል። አጠገቡ አረንጓዴ ዝቃጭ የቀረበት ብርጭቆ አለ።

«የስኳር መርፌህንም ተወግተሃል?»

«ታዲያስ! አንዱ ቢሰንፍ አንዱ ይበረታል ብዬ።»

«ቁርስስ?»

«ለመድኃኒቱ ሆዴን ባዶ ላድርግለት ብዬ ተውኩት።»

የደሙ ስኳር ከልክ በላይ መውረዱ ገብቷት ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ከእሱ ደብቃ ያኖረችውን ስኳር አወጣች። አንድ ማንኪያ ሻይ ውስጥ ጨመረ ብላ ስትጨቃጨቀው የኖረች ልጅ፣ አሁን በውሃ በጥብጣ «ጠጣ፣ ሁሉንም ጨልጠው!» ትላለች። ቀስ በቀስ ዓይኑ ጠራ፣ መንቀጥቀጡም ተወው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። «ይሠራል።»

«በምን አውቄ?» ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለችው። «ቅጠሉ ይሁን፣ መርፌው ይሁን፣ ባዶ ሆድህ ይሁን... ላጣህ ነበር እኮ አባዬ። አባት ልታሳጣኝ ነበር።»

ሐኪም ቤት ወስዳው ደህና ነው እስኪባል ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ ስትል፣ «ተቀመጪ» ያላት የለም።

ጋወኑን ያገኘችው በሳምንቱ ነው። የተተረተረው ተጠግኗል፤ ግን ሁለቱም ኪሶች አፋቸው ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«ምነው አባዬ?»

«ራሴን፣ ሌባውን፣ አላምነውም።»

ቀኑን ሙሉ እጇ ኪሷን ይፈልጋል፤ ስፌቱን ይነካል፤ ይመለሳል። በነካችው ቁጥር ወደ ቤት ትደውላለች።

«ቁርስ በላህ?»

«በላሁ፣ አንቺ ውልብልቢት! ተይኝ ልስፋበት።»