ባምባሲ የተቀመጠው ተጠባባቂ

ባቢከር ኮምፒውተር የነካው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ የአንድ መሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነበር። ጸሐፊዎቹ ምሳ ሲወጡ አስፈቅዶ ይገባና ፊደሎቹን በአንድ ጣቱ ይለቅም ነበር። የቤቱ ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛን ከገበያ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከማሽኑ ጋር ሲጣላ ተማረ። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ሞልቶታል፤ የዚያው ጽሕፈት ቤት የሰርቨር ክፍል ቁልፍም ኪሱ ውስጥ ነው።

ሰርቨሩ አንድ ብረት ይሁን እንጂ በሆዱ ሦስት ቨርቹዋል፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ፣ ማሽኖች አሉት፤ አንዱ የይዞታ መዝገቡን፣ አንዱ ካርታውን፣ አንዱ ደብዳቤውን ይይዛል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቤተሰብ እንደማለት ነው፤ ቤቱ ከተቃጠለ ሦስቱም ሜዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ ባቢከር ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ ሁለተኛ ሰርቨር አስገዛና ባምባሲ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ አስቀመጠው። የማሽኖቹ ግልባጭ በየሩብ ሰዓቱ ወደዚያ ይሄዳል። የአሶሳው ቢወድቅ የባምባሲው ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ስርጉት ግን አልተዋጠላትም። "ጋሽ ባቢከር፣ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ዕቃ ገዛን ማለት ነው?" ብላ ነበር።

"የሚያስፈልግበት ቀን አይምጣ። ከመጣ ግን የአንድም ሰው ይዞታ አይጠፋም። ከጠፋ እኔን አሰናብቱ" አላት።

ሰኔ ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብረቅ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለውን የመብራት ምሰሶ መታው። ከሰርቨሩ ክፍል የተቃጠለ ጎማ ሽታ ወጣ። ባቢከር ሽፋኑን ሲከፍት ውስጡ ከስሏል። ላፕቶፑን በስልኩ ኢንተርኔት አገናኝቶ ባምባሲን ጠራ፤ ባምባሲ አልመለሰም። የቅርንጫፉ ዕቃ ጠባቂ ረጋሳ ዘንድ ደወለ።

"ኦቦ ረጋሳ፣ ማሽኑ ምን ሆነ?"

"ምን ይሆናል ሼህ ባቢከር! ገና ሰማዩ ሲያጉረመርም ነቀልኩት። ጋቢዬን አልብሼዋለሁ። አንተ ልጅህን እንዲህ አትይዝም!"

ለካ የተነቀለው ማሽን ግልባጭ አልተቀበለም። ነጎድጓድ ሲሰማ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት የማይነቅል ቤት በዚያ አገር የለም። ረጋሳ ያደረገው ማንም ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ነው።

"መቼ ነቀልክ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ። ምነው ድምፅህ?"

"ክረምት ከገባ ስንት ጊዜ ነቀልክ?"

"በነጎደ ቁጥር ነዋ! 'እንደ ዓይንህ ጠብቀው' ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

ብሎት ነበር። ግልባጩ ሲቋረጥም እያየ "መስመሩ ነው" እያለ አልፎታል። ዕቃው ባምባሲ የገባ ዕለት ረጋሳ "ይህ ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቀው እጁን ወዝውዞ ሄዷል። ባለሙያ መባል በጣመው ሰሞን ነበር።

"በል ጋቢህን አንሣና ሰካው" አለው።

ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሦስቱም ማሽኖች አንድ በአንድ ተነሡ፤ መዝገቡ ተከፈተ። ስርጉት ከጀርባው ቆማ፣ "ተመስገን! ሁሉም አለ!" አለች።

ዝም ቢል ለጊዜው የሚያውቅ አልነበረም።

"ሁሉም የለም፣ ወይዘሮ ስርጉት። ከስምንት ሰዓት ወዲህ የተመዘገበው የለም። ዘጠኝ ሰው። ረጋሳ ነቀለ፤ እኔ አላስረዳሁም። ጥፋት የእኔ ነው።"

ስርጉት ወደ በረንዳው ወጣች። ዝናቡ አላባራም፤ ባለይዞታዎቹም ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው እዚያው ተጠልለዋል። እየጠራች አስገባቻቸው፤ ባቢከር ባምባሲ ባለው ማሽን ላይ እንደገና መዘገባቸው። ስምንት ሆኑ። ዘጠነኛው አንለይ ዝናብ ሳይፈራ ወደ መንደሩ ሄዷል።

"እንግዲህ አንለይ እስኪገኝ ድረስ አላሰናብትዎትም" አለች ስርጉት፤ ፊቷ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ባቢከር በሞተር ሳይክል አንለይ ማሳ ድረስ ሄደ። አንለይ ከሌላ አገር መጥተው ከሰፈሩት ወገን ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሦስት ዓመት ተካስሶ ገና መስማማቱ ነበር። የሆነውን ሲሰማ ዶማውን ተደግፎ ቆመ።

"አምና መብረቅ ላሜን ወሰደብኝ። ዘንድሮ ደግሞ ስሜን?"

"ስምህን ልመልስ መጣሁ። ወረቀቱ አለ?"

"ይኖራል እንጂ! ከወረቀቱ ጋር ነው የምተኛ።"

ባቢከር እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላፕቶፑ ይዞታውን አስገባ፤ ልኩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበለት። ለስርጉትም "ዘጠኝ ሞላ" ብሎ ደወለላትና ቀጥታ ወደ ባምባሲ ነዳ።

ረጋሳ የትናንቱን ንግግር እንደ ቁጣ ቆጥሮት አኩርፎ ነበር። ባቢከር ወንበር ስቦ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ያኔ ያልመለሰለትን ጥያቄ ከሥሩ ጀምሮ አስረዳው። በመጨረሻም፣ "ሲነጉድ መጀመሪያ ደውልልኝ። የመጨረሻውን ግልባጭ እልካለሁ፤ ከዚያ ትነቅላለህ" አለው።

ረጋሳ አገጩን አከከ። "ሲነጉድ እኮ ብዙ ጊዜ ኔትወርክም አይኖርም። ያን ጊዜስ?"

ባቢከር ደብተሩን አወጣና እስክሪብቶውን ለረጋሳ ሰጠው።

"ወላሂ፣ ይህን አላሰብኩም። አንተ ጻፍ፤ አብረን እናስብ" አለው።