የጃርሳ ጢም አስተካካይ

ኢፋ ሰው አያምንም። ቡራዩ ፀጉር ቤት በነበረው ጊዜ ደንበኛ ጢሙን ሊላጭ ሲቀመጥ «ከማን ልትደበቅ ነው?» ይል ነበር አሉ። ደንበኞቹ ሰለቹት መሰለኝ፣ አሁን ፀጉራቸው የረዘመ ውሾችን ቤት ለቤት እየዞረ ያስተካክላል፤ ዛሬ ሰበታ፣ ነገ ሱሉልታ። ውሻ አይቀየመውም።

እኔ ሊቤ እባላለሁ፤ ሱሉልታ የቲና ግቢ ዘበኛ ነኝ። ግቢው ውስጥ ጢሙ መሬት የሚጠርግ ነጭ ውሻ አለ። እሷ ማክስ ትለዋለች፣ እኔ በጢሙ የተነሳ ጃርሳ፣ ሽማግሌው ማለቴ ነው። ጃርሳ ሰሞኑን ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ በር ቢንኳኳ ጆሮውን አያነሳም። ቲና ደግሞ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። «ሊቤ፣ ውሻዬን ምን አብልተኸው ነው?» ሌባ ላስገባ ብዬ ውሻ የማስተኛ አደረገችኝ! እኔን፣ ከብረት በሩ ጋር አብሬ የዛግሁትን ሰውዬ!

ቅዳሜ ኢፋ መጣ። «አካም ጅርታ?» ብዬ ደህንነቱን ብጠይቀው «ምን ሰምተህ ነው?» አለኝ። ጃርሳን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ዓይኑ ላይ የወረደውን ፀጉር ከረከመለት፣ ጢሙን አበጠረለት። አገጩ ስር ያለውን ቋጠሮ ግን አልቆረጠውም። በጣቱ ፈታው፣ አሸተተው። ገንፎ የተጣበቀበት፣ ግማሹ የሟሟ ነጭ ክኒን ወጣ። ቀና ብሎ አየኝና ጮኸ።

«እትዬ ቲና! ይምጡማ!»

ይሄ ጠርጣራ ጉሮሮዬን ሊዘጋው ነው!

ቲና ክኒኑን ነጥቃ አየችው። «ይኸው! አላልኩም? ዕቃህን ጠቅልለህ ውጣልኝ!»

በልጆቼ ብምል ማን ይስማኝ። ኢፋ ግን ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ወደ ቤቱ አዞረ። እሷንም ጠረጠራት መሰለኝ።

«ቆይ እስኪ፣» አለ፣ «ዘበኛው ገንፎ ከየት አመጣ?»

በዚያ ቤት ገንፎ የሚበሉት የቲና እናት እማማ ገለቴ ብቻ ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰሙ ነበር።

«ሰውዬውን ተዪው፣» አሉ። «እኔ ነኝ። የምትሰጪኝን ክኒን በገንፎ ጠቅልዬ ለውሻው አጎርሰው ነበር።»

«እማዬ! የደም ግፊትሽን መድኃኒት?»

«የደም ግፊት ነው ብለሽኛል። ስውጠው ግን ቀኑ የት እንደሚገባ አላውቅም። ስነቃ አንቺ የለሽም፣ በሩም ተቆልፎብኛል። እስኪ ውሻው ላይ ልየው አልኩ።» ጃርሳን አዩት፤ ጢሙ በግማሽ እንደተበጠረ ጠረጴዛው ላይ ያንኮራፋል። «ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ምንድን ነው የምታስውጪኝ?»

ቲና ክኒኑን እንደጨበጠች እኔን አየች፣ ኢፋን አየች፣ በሩን አየች። እናቷን ግን ማየት አቃታት።