«ልጃችን ናት» የሚለው ደብዳቤ

አገር ቤት ጦርነቱ በበረታበት ዓመት ካናዳ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ልጄን ሊቀጥራት ተስማማ። በዚያው ሥራ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ታገኛለች ተባለ። የተወለድንበት ከተማ ስልኩም መንገዱም ተቋርጦ መመለሻ የለንም፤ በተሰደድንባት ሐርጌሳ ደግሞ በየዓመቱ በሚታደስ ወረቀት ነው የምንኖረው። ያ ፈቃድ ለልጄ መቆሚያ መሬት ነበር።

የጤናውን፣ የፖሊሱን፣ የፎቶውን ሁሉ አንድ በአንድ አሟላን። የቀረው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ልጄ «26 ጁን» በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር የአንዲት ነጋዴን አሮጊት እናት እዚያው እያደረች ስትንከባከብ አራት ዓመት ሆኗታል። ነጋዴዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሊ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጣፍጣል። በእንግሊዝኛ ጽፋ ማኅተም መትታ ሰጠችን። እንግሊዝኛ ስለማላውቅ ማኅተሙን አይቼ መረቅኋት።

«ጅግጅጋ ያር» በሚባለው ሰፈራችን ፎርም የሚሞላልን ሰውዬ አነበበውና ሳቀ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ምርቃት ነው! ‹ልጃችን ናት፤ አንድም ቀን ሠራተኛ ብለናት አናውቅም› ይላል።»

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

«ሠራተኛ ካልነበረች ልምድ የላትማ! እነሱ የሚጠይቁት የሥራዋን ዓይነት፣ ደመወዟን፣ የሳምንት ሰዓቷን ነው። እስከ ቅዳሜ ካልላክን ጊዜው ያልፋል። ከፈለጉ እኔው ጽፌ ማኅተም አስቀርጻለሁ።»

«ልጄ በእውነት የሠራችውን በሐሰት ወረቀት አልልክም» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ነጋዴዋ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ወላሂ አልጽፍም! የእናቴን ገላ የምታጥብ ልጅ ቅጥረኛ ናት ብዬ ልፈርም? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ያሻውን ይበል። ክብርሽን አውቄልሻለሁ፤ ግን በዚህ ክብር ልጄ መንገድ ላይ ልትቀር ነው። ደመወዝ ትከፍያት የለ? እሱን ጻፊ። ሰዓቷንም ጻፊ።»

እያጉረመረመች ብዕር አነሳች። «ስንት ልበል? በቀን ስምንት?»

«ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት እስከ ማታው ዒሻ ስምንት ሰዓት ነው እንዴ?»

በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ አራት…»

«የዕረፍት ቀኗስ?»

«ልጅ ከቤቷ ምን ዕረፍት…» አለችና ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች። ሰባቱንም ቀን ደምራ ጻፈች፤ ፈረመች። ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ፎርም የሚሞላው ሰውዬ ደግሞ አዲስ ጣጣ አመጣ።

«በሳምንት ዘጠና ስምንት ሰዓት ማን ያምናል? አርባ ብለን እናስተካክለው፤ አርባ ይበቃቸዋል።»

«አርባውን በሦስት ቀን ጨርሳዋለች። የአራቱን ቀን ድካሟን ለማን ልታወርሰው ነው? እንዳለ ላከው!»

እየተነጫነጨ ላከው። ካናዳዎቹ ዓመት አስጠብቀው፣ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ወረቀት ጠይቀው፣ በመጨረሻ ፈቃዱን ሰጧት።

ደብዳቤው በተላከ በሳምንቱ ግን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ልጄ በሬን አንኳኳች። «ዛሬ እረፊ ተባልኩ» አለችኝ። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ ምንጣፌ ላይ ተኝታ እስከ ከሰዓት አልነቃችም። አጠገቧ ተቀምጬ በነጋዴዋ ስናደድ ቆየሁ። ኋላ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስትመጣ «በላሽ ወይ?» እላት ነበር እንጂ፣ ፎርሙ እስኪጠይቀን ድረስ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።