ልዩ ልዩ

በመሥሪያ ቤቴ ሥራዬ የሌላውን ሰው ወጪ መቁረጥ ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ የበጀት ባለሙያ ሆኜ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ክፍል የሻይና የኬክ ወጪውን «ልዩ ልዩ» ከሚል ርዕስ ሥር ደብቆ ሲያመጣ ከሩቅ ይሸተኛል። «ይኼ ምንድን ነው?» ብዬ በቀይ አሰምርበታለሁ። ለዚህ ነው አሁን የማወራው የሚያሳፍረኝ። ቤቴ ባለው የራሴ መዝገብ ላይ፣ ከጤፍ፣ ከዘይት፣ ከመብራት፣ ከታክሲና ከእድር በታች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ነበረኝ። ውስጡ ያለው የኢንተርኔትና የፊልም ክፍያ ነው።

መዝገቡ የእኔ ነው፤ ደመወዙም የእኔ። ማንም ገልጦ አይቶብኝ አያውቅም። እንግዲህ ከማን ነበር የምደብቀው?

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ሊፍት የለውም። እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ወደ ምድር የምትወርደው ለሐኪምና ለትልልቅ በዓል ብቻ ነው፤ ያኔም ሁለት ሰው ደግፏት፣ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ እያረፈች። ድሮ ለቅሶ የማይቀራት፣ ሠርግ የማያልፋት፣ በጨዋታ የማትታማ ሴት ነበረች። አራተኛ ፎቅ ላይ ስትቀር ዝም አለች። ዝምታዋ ከጉልበቷ ይልቅ አስፈራኝ። እኔ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ስመለስ ጨለምለም ብሏል። መካከል ላይ ያለውን ቀን ከግድግዳ ጋር ተፋጣ ነበር የምታሳልፈው።

ታብሌት ገዛሁላት፣ ኢንተርኔት አስገባሁ። ፊልሙን የሚያስከፍለን ድርጅት ብር አይቀበልም፤ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ግን የበረራ አስተናጋጅ ናትና ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ አላት። በየወሩ እሷ ትከፍልልኛለች፤ እኔ ወሎ ሰፈር ካፌ ስንገናኝ ብሩን እሰጣታለሁ። እናቴ በአንድ ወር ውስጥ በአንድ የቱርክ ድራማ ውስጥ ያለችውን ክፉ አማት በስሟ እየጠራች መራገም ጀመረች። ቋንቋውን አትሰማም። ቀን ብቻዋን ስታይ የራሷን ትርጉም ትፈጥርለታለች፤ ማታ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የግርጌውን ጽሑፍ ስተረጉምላት ደግሞ «የእኔ ይሻል ነበር» ትላለች። ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። እንስቃለን። ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብብን ድረስ የሳቅንበት ቀን አለ።

ታዲያ ይህን ነው «ልዩ ልዩ» ያልኩት። እኛ ለለቅሶ መስመር አለን፤ እድር ይባላል፣ ቀኑ ሳያልፍ ይከፈላል፣ ማንም አያፍርበትም። ለሠርግ ካርድ ሲመጣ ተበድረንም ቢሆን እንሰጣለን። ወንዱ በየሳምንቱ ለቁርጥና ለቢራ የሚያወጣውን ማንም አይጠይቀውም። አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር ለመሳቅ ስትከፍል ግን ቅንጦት ይሆናል። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ታላቅ ወንድሜ ቦሌ ነው የሚኖረው፤ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፣ እግዜር ይመስገን ሞልቶለታል። በሰንበቴው ማኅበር ሰብሳቢ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው በዓል ሲሆን ነው፤ ደረጃው ያደክመዋል። ባለፈው ክረምት «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ለልጆቹ» ብሎ የፊልሙን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የራሱን ምስልና ስም አድርጎ ከእኛ ገጽ ጎን የራሱን ገጽ ከፈተ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እኔም መልስልኝ አላልኩትም።

ለጾም ደግሞ ሕግ አለን። ሁዳዴ ሲገባ ልኳንዳ ቤቱ እንደሚዘጋ የእኛም ፊልም ይዘጋል። የቅበላ እሑድ የመጨረሻውን ክፍል አይተን ክፍያውን አቋርጣለሁ፤ ለፋሲካ እናስከፍተዋለን። በጾሙ የተረፈው ብር ለዶሮው ይሆናል። እናቴ በጾም የምትከፍተው በነፃ የሚገኘውን ቅዳሴና ስብከት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ተሳሳትኩ። ጓደኛዬ ካርዷን በመቀየሯ የመክፈያው ቀንም ተቀይሮ ነበር። «በ18 ይቆርጣል፣ እንዳትረሺ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም የካቲት 18 ብዬ መዝገቤ ላይ አሰፈርኩ። እሷ የምትኖረው በአውሮፕላንና በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኔ የምኖረው በመንግሥት ደመወዝና በእኛ አቆጣጠር። የእሷ 18 ለካ የእኛ የካቲት 11 ነበር። የቅበላ እሑድ ላቋርጥ ስገባ ገንዘቡ ከሄደ አምስት ቀን ሆኖታል። የከፈልንበትን ወር ዘግተን ጾምን። እናቴ ነገሩ አስቋት ለወንድሜ በስልክ ነገረችው።

እሱ አልሳቀም። «በጾም ለፊልም ከፈለች?» ሲል ድምፁ ከስልኩ አልፎ ማድ ቤት ድረስ ይሰማኛል። «የእኔ ልጆች ከቅበላ ወዲህ ካርቱን እንኳ አላዩም! እሷ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ ትዳር የላት፣ ልጅ የላት፣ ደመወዟን በማይረባ ነገር ትጨርስ! ቅዳሜ የንስሐ አባታችንን ይዤ እመጣለሁ።»

ትዳር እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ዜና አይደለም። ያስፈራኝ ሌላው ነው። እናቴ የንስሐ አባቷ አንዴ «ተዪው» ካሉ ትተወዋለች፤ ይግባኝ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ያ ዝምታ ነው። ለቅዳሜ ለፍርድ የተቀጠረው የእናቴ ሳቅ ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አባ እያለከለኩ ደረሱ፤ ወንድሜ ከኋላቸው። መስቀል ተሳለምን፣ ቆሎና ሻይ አቀረብኩ። ወንድሜ ጥፋቴን እንደ ዐቃቤ ሕግ ዘረዘረ። አባ ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ ሰምተው ወደ እናቴ ዞሩ።

«እውነት ነው፣ እናታችን?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «ለስብከት ነው፣ አባ። ቅዳሴና ስብከት እንድሰማበት ነው ያስገባችልኝ። እኔ ሌላ ምን አያለሁ?»

ፊቴ ጋለ። እናቴ የንስሐ አባቷን ስትዋሽ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ያውም በጾም። ልጇን ፈርታ ነው። በዚያው ቅጽበት ግን የእኔው መዝገብ ትዝ አለኝ። እሷ «ስብከት» አለች፣ እኔ «ልዩ ልዩ» ስል ኖርኩ። አንድ ነን።

«አባ፣ እማዬ ፈርታ ነው» አልኩ። «ስብከት ትሰማለች፣ እውነት ነው፤ ግን ስብከቱ በነፃ ነው። እኔ የምከፍለው ለድራማ ነው። እማዬ እንድትስቅ፣ እኔም አብሬያት እንድስቅ። ለሥራ ነው፣ ለትምህርት ነው አልልዎትም። ለደስታችን ነው።»

«በጾም!» አለ ወንድሜ።

«በጾም አላየንም። ቀን ተሳስቼ ነው የተቆረጠው።» ወደ አባ ዞርኩ። «ተዪው ካሏት እማዬ ትተዋለች። እኔ ግን አልተውም። አሥራቴን አውጥቻለሁ፣ እድሬን ከፍያለሁ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም። የቀረው የእኔ ነው።»

በቤታችን ለካህን እንዲህ ተብሎ አያውቅም። አባ ቆሎ መቆርጠማቸውን አቆሙ።

«ይኸው! ለእርስዎም ትመልሳለች!» ወንድሜ ተነሳ። «አላየንም ትላለች ደግሞ! ከፍሎ የማያይ ማን ነው? ቆይ ላሳይዎት።»

ከእናቴ ጎን ታብሌቱን አንስቶ ፊልሙን ከፈተ። ሁለት ምስሎች ወጡ፣ የእኛና የእሱ። ጣቱ ለምዶበት ቀጥታ ሄዶ የራሱን ነካ። በንዴት ላይ ነበርና አላስተዋለም።

«ይመልከቱ፣ አባ! ግማሽ ላይ የቆመ! ተኩስ ነው ደግሞ!»

አባ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ብዙ አዩ። «ይኼ መቼ የወጣ ነው?»

አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። «ትናንት ነው፣ አባ። አዲስ ክፍል ይላል።»

ትናንት ዓርብ ነው፤ ጾም ከገባ በኋላ። እናቴ ታብሌቱን ከእጁ ተቀብላ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። «እኛ ተኩስ አናይም» አለች። ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ምስል በጣቷ አሳየችው። «ይኼ ያንተ አይደለም እንዴ?»

ወንድሜ ምስሉን አየ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «ልጆቹ ይሆናሉ» አለ።

«ካርቱን እንኳ አላዩም አላልክም?» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አውርዳዋለች።

አባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት፤ እኔ ግን አይቻለሁ። «አንተ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ብቻህን ና» አሉት። ለእናቴም፣ «ስለ ስብከቱ እርስዎም ይምጡ እንዳልል ደረጃው አለ። እኔ እመጣለሁ» አሏት። እኔን ሲያሳልሙኝ «እስከ ፋሲካ ቻዪው» ብቻ አሉኝ። ተዪው አላሉም።

ሲሄዱ መዝገቤንና የቢሮዬን ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ሰርዤ «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት።

«ከመብራት በላይ አድርጊው» አለች።

አደረግሁት። የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮው ተበልቶ እኔና እናቴ አማቲቱ ጋ ልንመለስ ስንል ወንድሜ ደወለ። እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ትንሽ ተንተባተበ፤ ከዚያ ፊልሙ አልከፈት እንዳለው ነገረኝ። የምመልስለት ብዙ ነበረኝ፤ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሳዘጋጀው ነበር። እናቴ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«የይለፍ ቃሉ እዚህ አራተኛ ፎቅ ነው ያለው» አለችው። «ውጣና ውሰድ።»