«ያክ» ከተባለ በኋላ

በዚያ ዓመት እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነበር። እኔ መምህርቷ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ የሚናገረውን ተናግሮ «አሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለማመዱ» ይላል፤ ተማሪው አፉን ሳይከፍት ጊዜው ያልቃል። የዚያን ቀን ትምህርት መጸየፍን መግለጽ ነበር። ሰውዬው የሻገተ ዳቦ አሳይቶ «ያክ» አለ። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እግር ኳስ ዳኛው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሁሉ «ዲስገስቲንግ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ሳቁ አልተጋባብኝም።

የቀረውን የማስረዳው እኔ ነኝ። «ያክ» የልጅ ቃል ነው፤ ለምግብና ለጭቃ ይሆናል። «ግሮስ» የወጣት ነው፤ ከእኩያ ጋር ይባላል። «ዲስገስቲንግ» ከረር ይላል፤ ለሽታም ለሰው ምግባርም ይውላል። ፈረንጅ ግን ሾርባውን እንዲያ ብሎ ከሰደበ በኋላ መልሶ ይጨልጠዋል። «ፌድ አፕ» የምትለዋን፣ ነገር እስከ ጉሮሮ ሲደርስ የምትባለዋን፣ ፕላዝማው አላነሣትም። የኔ ቃል እሷ ነበረች።

እኛ ጋ እህል አስጠላኝ አይባልም፤ «ይብቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ነው የሚባለው። ሚኒባሱ አቃቂ ድልድይ ሲደርስ የወንዙ ሽታ ይገባል። ተሳፋሪው ምንም ሳይናገር መስኮቱን ይዘጋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ሠራተኛ ሊሆን ይችላልና።

ባለቤቴ ከነዚያ ሠራተኞች አንዱ ነበር። ጥሬ ቆዳ በኖራ ተነክሮ ጠጉሩ የሚነቀልበት ክፍል ነው የሚሠራው። ከፋብሪካው ታጥቦ ይወጣል፤ ቤት ሲደርስ ደግሞ እጁን በሎሚ ያሻል። ሽታው ግን ከጥፍሩ ሥር አይለቅም። እኔ ለምጄዋለሁ። ለምጄዋለሁ ስል ዋሸሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት።

እራት ሲቀርብ እጅ የምታስታጥበው ልጃችን ነበረች። በአንድ እጇ ጆጉን፣ በሌላው ማስታጠቢያ ሳህኑን ይዛ ፊቱ ትቆማለች። እሱም እጁን እያሸ ምርቃቱን ያወርደዋል። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ...» ውሃው አልቆ እንኳ አያቆምም። «ወጡ ቀዘቀዘ እኮ፣ አባ መርቄ!» እያልኩ እቀልድበታለሁ። እሷ ግን ምርቃቷን ተቀብላ ሳትጨርስ ንቅንቅ አትልም።

ያስገባናት የግል ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረን ይቀጣል። ስለዚህ ቤትም ስትመጣ እንግሊዝኛው ያመልጣታል። አንድ ማታ ውሃውን እያፈሰሰች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ያክ! ዲስገስቲንግ!» አለች። ክፋት አልነበረባትም። የክፍል ጓደኞቿ ቀኑን ሙሉ ለእርሳሱም ለቁርሱም የሚሉትን ነው ያለችው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ምርቃቱ መሃል ላይ ቆመ። እጁን አራግፎ ተቀመጠ።

«ትምህርት ቤት የለመደችው ነው፤ እንዲያው ዝም ብላ ነው» አልኩት።

«ቃሏን አውቃታለሁ» አለኝ፣ ወጡን እያየ። «ፈረንጁ የማሽን ባለሙያ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ እኛ ክፍል በገባ ቁጥር የሚላት ናት። እሱ ሲል አይከፋኝም። እሱ ሂያጅ ነው።»

ከማግስቱ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ላይ ራሱ ታጥቦ ይገባ ጀመር። ልጅቷ ጆጉን ይዛ ስትጠብቀው «ታጥቤያለሁ፣ የኔ እናት» ይላታል። ቁጣ የለም፣ ኩርፊያ የለም። ከትሪው በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ይበላል። ሲያጎርሳት የኖረበትን እጅ ሰበሰበው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ለምን አይመርቀኝም?» አለችኝ አንድ ቀን።

ቀኑን ሙሉ ስለ ቃላት አጠቃቀም ስለፈልፍ ውዬ፣ ለልጄ አንዷን ቃል ማስረዳት አቃተኝ። አባትሽ የሚሸተው አንቺን ለማስተማር ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም አይጫንም። «እጁን ስታስታጥቢው ባልሽው ነገር ከፍቶት ነው» አልኳት።

በማግስቱ ከሥራ ሲመጣ ጆጉንና ሳህኑን ይዛ ቧንቧው ጋ ቆማ ጠበቀችው።

«ሂጂ ግቢ፤ ይሸታል» አላት።

አልሄደችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ መውጣትም መግባትም አቃተኝ። ፈራሁ። እንደገና «ታጥቤያለሁ» ካላት ነገሩ እንደዚያው የሚቀር መሰለኝ። እሱ ግን እጁን ዘረጋላት።

ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት። ፊቷን አላዞረችም፤ እጁን እጁን ታያለች። ጉንጮቿ ግን ተነፍተዋል፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። ትንፋሿን ይዛ ነበር።

እሱም አየ። ያ ምርቃት የማያልቅበት ሰው «እደጊ» ብቻ አላትና እጁን ቶሎ ሰበሰበ፤ እንድትተነፍስ።