ለእንግዳ ጥሬ አይሰጥም

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ ጉዳዬ አንድ ኪሎ የአሉማ ፍሬ ብቻ ነበር። አሉማ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላ፣ ፍሬው ከጤፍ ትንሽ የሚተልቅ ተክል ነው። ገለምሶ ያሉት አዴ ፋጡማ በዚህ ፍሬ የልጆች ገንፎ ዱቄት ያዘጋጃሉ፤ የጭሮ ባለሱቆች ግን የላብራቶሪ ውጤት ካላየን አንረከብም ብለዋቸዋል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና ሰብሳቢ ነኝ። አሉማ በቆሎና ማሽላ የሚያንሳቸው ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል አለው፤ ዘይቱም ትንሽ ቢሆን በሌላ እህል እምብዛም የማይገኝ ስኳሊን የሚባል ነገር ይዟል።

ሚኤሶ

ሲኖትራኮች መንገዱን ዘግተው በሙቀት ተቀቀልን። ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ፤ ዋጋው ከአዲስ አበባ አይተናነስም። ጭሮ ስንደርስ ደግሞ ሾፌሩ ጫት ሊመርጥ ወርዶ ሚስት የሚመርጥ ያህል ቆየ። ኤዲያ!

ገለምሶ

አዴ ፋጡማ ፈገግ ብለው ሰፌድ ሙሉ አቀረቡልኝ። ፍሬው ተቆልቶ እንደ ፈንዲሻ ፈንድቷል፤ በቅቤም ታሽቷል።

«በስልክ ጥሬውን ብዬዎት አልነበር?»

«ጥሬ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ? ዶሮ ነህ? ወላሂ ነውር ነው!»

ደሜ ፈላ። እሳቱ ላይሲኑን ይጎዳዋል፤ ዘይቱ ቢወጣ ደግሞ የሚለካው የላሟን ቅቤ ነው! ሌላ የላቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ለዘር ያስቀመጥኩት ብቻ።» ከረጢቷን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«ምን ሊዘሩ ነው ታዲያ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ወረቀቱ ግን ከእናንተ ነው።»

ምን ላድርግ? ተቀበልኩ።

ጭሮ

እያረርኩ አድሬ ጠዋት ምርመራውን ለሚሠራው ባልደረባዬ ደወልኩ፤ ለምርመራው በትክክል ስንት ይበቃል?

«ሁለት ሦስት እፍኝ።»

«ታዲያ ኪሎ ያላችሁት?»

«ደንብ ነዋ! የተረፈውን እንጥለዋለን።»

እንጥለዋለን! ሰው ለዘር ያስቀመጠውን! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሦስት እፍኝ ቀንሼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ገለምሶ ተመለስኩ። አዴ ፋጡማ ከረጢቷን በእጄ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«አልበቃም እንዴ?» አሉና መልሴን ሳይሰሙ በአጥር አሻግረው ጎረቤታቸውን ዘር ይለምኑልኝ ጀመር። በስንት መሐላ አስቆምኳቸውና ከረጢቷን መለስኩላቸው።

አዲስ አበባ

ከሰው ጎተራ ከመጠየቅ በፊት የሚበቃውን ማወቅ እንደሚገባ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። ናሙና ተቀባዩ የሰጠሁትን ፌስታል በእጁ መዘን አደረገና፣ «ይሄ ብቻ?» አለኝ።

«ይበቃል!» አልኩት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።