የቱን «ሐ» ነበር የጻፍሁት

የሚስቴ ድምፅ ወረታ ከተማ አለ። አንድ የስልክ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ጥቁር ሳጥን ውስጥ፣ አሥራ አንድ ጊዜ የተናገረችው ተቀምጧል። ሳጥኑን በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ይሞቃል። ድምፁን ግን ልሰማው አልችልም። ቁልፉን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ ያውም ፊደል በመቁጠሬ።

ፊደል የቆጠርሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀበሌው አዳራሽ ያስተምሩን የነበሩት መምህር ደግ ሰው ነበሩ፤ የጎዳኝም ደግነታቸው ነው። «እነዚህ ሀዎች ምን ይለያቸዋል?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ለእናንተ ምንም፤ ድምፁ አንድ ከሆነ የመጣላችሁን ጻፉ» አሉን። እኔም የመጣልኝን ስጽፍ ኖርሁ።

የሱቁ ባለቤት የሚስቴ ወንድም ልጅ ነው። ልጅ ስል እሱም የሁለት ልጆች አባት ነው። ሰው ሁሉ መልእክት በሚላላክበት መተግበሪያ ላይ ቂም አለው። አንድ ቀን ያለ ምክንያት መስመሩን ዘጉበት፤ አቤት የሚልበት ደጅ አጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ አንድ ነው።

«ጋሼ፣ ያ የሰው ቤት ነው። ውጡ ሲሉዎት ይወጣሉ። ይሄ የራሳችን ነው። መልእክታችን የሚቀመጥበት ይህ ሳጥን የኔ ነው፤ ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ የራሳቸው አላቸው። ሳጥንና ሳጥን ይነጋገራል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ ጌታ አይሆንም።»

«እንደ አጥቢያ በለኛ» አልሁት። «እኛም የራሳችን ካህናት አሉን፣ እነዚያም የራሳቸው፤ ለንግሥ ግን እንጠራራለን።»

«እንደዚያ! አሠራሩም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ እንዴት እንደተሠራ ያየዋል።»

ወደድሁት። የራሴ የሆነ ነገር እወዳለሁ። የሰው ሲሳይ ጠባቂ መሆን አልወድም።

ያን ጊዜ ሚስቴ ታማ ነበር። ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጃት አልሻላት ሲል፣ እህቷ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት አስገባቻት። ክረምት ነው፣ የሩዝ አረም ነው፣ ውኃው በረቱ ደጅ ደርሷል። እኔ ቀረሁ። ሩዙ ከሷ በለጠብኝ ማለት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጠጋኙ በኔና በእህትዮዋ ስልክ ላይ የራሱን መተግበሪያ ጫነልን። «አሁን መቆለፊያ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ይጻፉ» አለኝ። «እኔም እንኳ የማላውቀው። ስልክ ሲቀይሩ ይጠይቅዎታልና ወረቀት ላይም ያስፍሩት።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወረቀት! እኔ የላሞቼን ዘር እስከ ሰባተኛ እናት ድረስ በቃሌ የምቆጥር ሰው ነኝ። ሚስቴ ጧት ጧት የምትለኝን ጻፍሁና ስልኩን ኪሴ ከተትሁ።

እሷ ማንበብ አታውቅም፤ በእህቷ ስልክ እየተናገረች ድምፅዋን ትልካለች። እኔ ጽሕፈት እንደማውቅ ላሳያት በጽሑፍ እመልሳለሁ፤ እህቷ ታነብላታለች። አንድ ቀን ሳቀችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ዳኛ ነው የምትጽፍ! አፍ የለህም?» አለች። በመጨረሻው ድምፅ ደግሞ፣ «ነጯ ላም ወለደች?» ብላ ጠየቀች። አልወለደችም ነበር። ስትወልድ በአፌ እነግራታለሁ ብዬ ዝም አልሁ። ላሟ ሳትወልድ የሚስቴን ሬሳ በመኪና አመጡልኝ።

ከአርባዋ በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ እሰማት ነበር፤ ስልኩ በደረት ኪሴ፣ እሷ እየተናገረች፣ እኔ ሩዜን እያረምሁ። አንድ ቀን ጎንበስ ስል ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ሳላውቅ ረገጥሁት። ጎረቤቶቼ መጥተው፣ «ሩዝ ውስጥ ቅበረው፣ ውኃውን ይመጥጥልሃል» አሉኝ። ፎገራ ላይ የሩዝ ችግር የለም፤ ጆንያ ሙሉ ቀበርሁት። ያ ስልክ ሩዝ የጠገበ ስልክ ነው። አልተነሣም።

እህትዮዋን ጠየቅሁ። «ድምፅዋን እየሰማሁ አንጀቴ አልችል አለኝ፤ ሁሉን አጥፍቼ ስልኩን ለሰው ሰጠሁት» አለች።

ጠጋኙ ዘንድ አዲስ ስልክ ይዤ ሄድሁ። ከፈተው። አሥራ አንዱ ድምፅ ተደርድሮ መጣ፤ የያንዳንዱ ርዝመት ይታያል፣ በያንዳንዱ ላይ የቁልፍ ሥዕል አለ።

«ዓረፍተ ነገሩን ይጻፉ።»

ጻፍሁ። ትክክል አይደለም አለኝ። ደገምሁ። ትክክል አይደለም።

«አንተ፣ በቃሌ የማውቀው ነገር ነው!»

«ጋሼ፣ ማሽኑ ጆሮ የለውም። የቱን ሀ ነበር የጻፉት? የቱን ሰ?»

«እኔ ምን አውቄ! ይልቅ አንተ ክፈተው። ሳጥኑ ያንተ አይደለም?»

«ሳጥኑ የኔ ነው፤ ቁልፉ የኔ አይደለም። እኔም እንዳልሰማዎት ተብሎ ነው የተሠራው።»

«ክፍት ነው አላልኸኝም?»

«ክፍቱ አሠራሩ ነው። መልእክቱ ዝግ ነው።»

ለሁሉ ክፍት፣ ለኔ ዝግ። ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አየሁና ተውሁት። አክስቱ ናት።

የደብራችን መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ዓረፍተ ነገሩን በቃል ነገርኋቸው። ምሥጢርነቱ ስላበቃ እዚህም እሳቸው እንደጻፉልኝ እጽፈዋለሁ፦ ፀሐይ ሳይበረታ ሥራህን ጨርሰህ ና።

«ይኸው፤ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። ሥራ በንጉሡ ሠ» አሉኝ።

«አባቴ፣ የርስዎ ትክክል ነው። እኔ የምፈልገው የራሴን ስሕተት ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ስሕተት አልተማርሁም» አሉ።

የሳቸውን ሞከርሁ። አልከፈተም። እኛ ስንናገር ጠሐይ እንላለን፤ በ«ጠ»ም ሞከርሁ። በመጨረሻ የእሑዱን ትምህርት ደብተሬን ከቆጡ አወረድሁ፤ ያን ጊዜ እንዴት እጽፍ እንደነበር ይነግረኛል ብዬ። በአንድ ገጽ ላይ ፀሐይን አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አራቱም ይለያያሉ። በአራቱም ላይ መምህሩ በቀይ «ጎበዝ» ብለዋል።

አውራ ጣቴ ፊደል ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

አሁንም ወረታ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሱቁ ጎራ እላለሁ፤ ጥቂት ሞክሬ እመለሳለሁ። ጠጋኙ ወንበር ይስብልኝና ሌላ ሥራ ያለው ይመስል ጀርባውን ይሰጠኛል። አዲስ መልእክት መላክ እንደሚቻል የነገረኝ እሱ ነው፤ የዱሮውን መክፈት ነው የማይቻል። እህትዮዋ በማትከፍተው በዚያ በድሮው መስመር ላይ ባለፈው ቅዳሜ የድምፁን ምልክት ተጫንሁ።

«ነጯ ላም ወለደች» አልሁ። «ሴት ናት።»

ሳጥኑ ድምፄን ተቀበለኝ፤ ቆለፈበት።